ሦስት ዋንጫ ያስረከበ ሜዳ

አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ ተመልካች ሁሉ ሰፈር አለው። ጥላ ፎቅ ከፀሐይና ከዝናብ የሚሸሽ ይቀመጥበታል፤ ካታንጋንና ሚስማር ተራን ደግሞ ለሁለቱም ግድ የሌለው ይሞላቸዋል። ጨዋታ በሌለበት ቀን እንኳ ከመቀመጫዎቹ ሥር ባሉት ሱቆች ማሊያ ይሸጣል።

የአፍሪካ ዋንጫ እዚህ ሜዳ ላይ ሦስት ጊዜ ለአሸናፊ ተሰጥቷል። ባለቤቶቹ የወሰዱት ግን አንዴ ነው።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አሰልጣኝ ይድነቃቸው ተሰማ የሚመሩት የኢትዮጵያ ቡድን ለፍጻሜ ከግብፅ ጋር ገጠመ። ግብፆች በ35ኛው ደቂቃ ቀደሙ። ተክሌ ኪዳኔ በ74ኛው ደቂቃ አቻ ሲያደርግ ጭብጨባው ሳይበርድ፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ የግብፁ በዳዊ አብደል ፈታህ እንደገና አገባ። ስድስት ደቂቃ ሲቀር አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ጨዋታውን ወደ ተጨማሪ ሰዓት ወሰደው፤ እዚያም ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ ጨረሱት፤ 4 ለ 2። ሉቺያኖ ዋንጫውን ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። በውድድሩ የነበሩት አራት አገሮች ብቻ ናቸው ብሎ ድሉን የሚያቃልል አይጠፋም። የተሸነፈችው ግን የቀደሙትን ሁለት ዋንጫዎች ጠራርጋ የወሰደችው ግብፅ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሜዳው አስተናጋጅ ብቻ ሆነ። በ1960 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በግማሽ ፍጻሜ በኮንጎ ኪንሻሳ 3 ለ 2 ተረታች፤ ኮንጎ ጋናን 1 ለ 0 አሸንፋ ዋንጫውን ይዛ ሄደች። በ1968 ዓ.ም. ደግሞ ባለሜዳዎቹ ከምድባቸው እንኳ አላለፉም። የፍጻሜ ጨዋታ ባልነበረው በዚያ ውድድር ሞሮኮ ከጊኒ ጋር 1 ለ 1 መውጣቷ በቂዋ ሆኖ የመጀመሪያ ዋንጫዋን እዚሁ አነሳች።

ስታዲየሙ እንደገና የነደደው ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. ነው። ካርቱም ላይ 5 ለ 3 የተሸነፉት የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ልጆች፣ በአዳነ ግርማና በሳላዲን ሰይድ ጎሎች ሱዳንን 2 ለ 0 ረትተው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፉ። በዓመቱ ናይጄሪያ መጥታ 2 ለ 1 አሸንፋ የኢትዮጵያን የዓለም ዋንጫ ሕልም አጨለመችው።

ቆይቶ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) የአገሪቱ ሜዳዎች ደረጃውን አያሟሉም አለ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ዋልያዎቹ የሚባሉት የብሔራዊ ቡድኑ ተጫዋቾች በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 ሲያሸንፉ ባለሜዳ ተብለው የተጫወቱት ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ ነበር።