ፊደሉ ሲፋቅ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የመርከብን ስም ግን የሚያወጣው መልአክ ሳይሆን በጊዜው ሥልጣን የጨበጠው ክፍል ነው። እሱ ሲወድቅ ስሙም አብሮት ይወድቃል፤ አንድ ሠራተኛ በገመድ ተንጠልጥሎ ከመርከቧ ኋላ ፊደሎቹን ይፍቅና በቦታው ሌላ ይጽፋል። ነገሩ የቀለም ጉዳይ ብቻ ይመስላል። ነው እንዴ? መልሱን ለማግኘት ከአንድ መሥሪያ የወጡ እህትማማች መርከቦችን ታሪክ እንመልከት (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

በ1932 ኒዮቤ የተባለችው የጀርመን ባሕር ኃይል ማሠልጠኛ መርከብ በድንገተኛ ነፋስ ተገልብጣ 69 ሰዎች አለቁ። በምትኳ፣ ሃምቡርግ የሚገኘው ብሎም ኡንት ፎስ በ1933 ባለ ሦስት ምሰሶ የሸራ መርከብ ሠራ። ጎርኽ ፎክ ተባለች፤ በ1916 በዩትላንድ የባሕር ውጊያ የሞተ ደራሲ የብዕር ስም ነው። እስከዚህ ደህና። ተከታዮቿን ግን ክርስትና ያነሷቸው ናዚዎች ናቸው። የ1936ቷ ሆርስት ቬሰል ተባለች። ሰውዬው በ1930 የተገደለ የናዚ ታጣቂ ሲሆን፣ የጻፈው መዝሙር የፓርቲው መዝሙር ሆኖ ነበር። የ1937ቷ ደግሞ አልበርት ሌዎ ሽላገተር ተባለች፤ ፈረንሳዮች ሩርን በያዙ ጊዜ፣ በ1923፣ በአሻጥር ከሰው የረሸኑት፣ ናዚዎችም «ሰማዕታችን» ያሉት ሰው ነው። ዕጩ መኮንኑ ገመድ መሳብ ብቻ ሳይሆን ማንን ማምለክ እንዳለበትም እዚያው ይማር ነበር ማለት ነው።

1945 መጣ፤ ፋሽዝም ተደመሰሰ። ሆርስት ቬሰል በጦር ካሣ ለአሜሪካ ደረሰች። ግንቦት 15 ቀን 1946 ብሬመርሃፈን ላይ የባሕር ዳርቻ ጥበቃው ተረክቦ ኢግል፣ ማለትም ንስር፣ አላት። በአፍንጫዋ ላይ የነበረው የንስር ቅርጽ በጥፍሩ ከያዘው ስዋስቲካ ተላቀቀ። ልብ በሉ፤ አትላንቲክን ስትሻገር ግን ጠባይዋን የሚያውቁት የቀድሞዎቹ ጀርመናውያን መርከበኞች አብረው ሠርተዋል። ስሙ ተለወጠ፣ ገመዱን የሚስበው እጅ ያው ነበር!

ሽላገተር በ1948 ለብራዚል ተሰጥታ ጓናባራ ተባለች፤ በ1961 ፖርቱጋል ገዛቻትና ሳግሬስ አለቻት። ይህም ስም ከሌላ መርከብ የተወሰደ ነው። የድሮዋ ሳግሬስም ብትሆን በ1896 በጀርመን የተሠራች፣ በ1916 በፖርቱጋል የተወረሰች ነበረች።

የጎርኽ ፎክ ዕጣ ከሁሉም ይገርማል። ሶቪየቶች እንዳይወስዷት ጀርመኖች ራሳቸው ግንቦት 1 ቀን 1945 ሽትራልዙንድ አጠገብ አሰጠሟት። ሶቪየቶች በ1947 ከባሕር አወጧት፤ በ1951 ቶቫሪሽ ብለው አሰማሯት። ትርጉሙን ለእኛ አንባቢ ማብራራት አያስፈልግም፤ ጓድ ማለት ነው። በ1991 ሶቪየት ኅብረት ፈረሰች፤ እኛም አገር ጓድ የሚለው የማዕረግ መጠሪያ ቀረ። መርከቧ ለዩክሬን ደረሰች፣ ማደሻ ገንዘብ ታጣ፣ በ2003 ሽትራልዙንድ ተመልሳ የመጀመሪያ ስሟን አገኘች። ግን ምዕራብ ጀርመን በ1958 ሌላ ጎርኽ ፎክ ሠርታ ስለነበር አሁን ሞክሼዎች ናቸው።

ታዲያ ከዚህ ምን እንማራለን? የመርከብን ስም መለወጥ መዓት ያመጣል የሚል የቆየ የመርከበኞች እምነት አለ። ኢግልና ሳግሬስ በአዲሱ ስማቸው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ በመቅዘፋቸው ይህ ወሬ ሆኖ ቀርቷል። «ብረቱ ያው ብረት ነው፣ ስም ምን ያደርጋል?» የሚሉም አሉ። እነዚህም ተሳስተዋል። በነፍሰ ገዳዮች ጀግና ስም ወጣት ማሠልጠን አይቻልም፤ ሆርስት ቬሰል መፋቁ ትክክለኛ ፍርድ ነው።

አስቸጋሪው ጥያቄ ከፍቀቱ በኋላ ይመጣል። ከመርከቧ ኋላ መፋቅ አንድ ነገር ነው፤ ከመዝገብ መፋቅ ሌላ ነው። ንስር የሚለውን ብቻ ያነበበ ሰው መርከቧ በ1946 የተወለደች ይመስለዋል፤ የማን ልጆች ምን እየተባሉ እንደሠለጠኑባት አያውቅም። ያላወቀውን ደግሞ ሊጠነቀቀው አይችልም።

ሁለተኛው ትምህርት ለአዲሱ ስም አውጪ ነው። ብሩሽ የጨበጠ ሁሉ የመጨረሻው ጸሐፊ እኔ ነኝ ይላል፤ ጓድ የሚለውም ግን በተራው ተፍቋል። በ1938 ለሩማንያ የተሠራችው እህታቸው ሚርቻ የጥንት የቫላኪያ ገዢ ስም ይዛ ወጣች። አገሪቱ ከንጉሥ ወደ ኮሚኒስቶች፣ ከኮሚኒስቶች ወደ ሌላ ሥርዓት ስትሸጋገር ስሙ ግን ዛሬም አለ። ለምን ቢባል፣ ስሙ የአገር ታሪክ እንጂ የአንድ ፓርቲ ንብረት አልነበረም። ስም ከመቃብር በላይ የሚውለው እንዲህ ሲሆን ነው፤ ሥልጣን የለጠፈውን ሥልጣን ይልጠዋል።