የውድድር መኪና መንኰራኵር መለኪያዎች፤ ታሪካቸውና ምርጫቸው

የመሣሪያዎችን ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ነገሩን እንደ መሰላል አድርገው ያቀርቡታል፤ ከታች ሻካራው፥ ከላይ ረቂቁ ይቀመጣል፤ አዲሱ ሲመጣ አሮጌው ተጣለ ይባላል። በዚህ አጭር ጥናት የምንመረምረው የውድድር መኪና መንኰራኵር አቅጣጫና ዘንበል የሚለካባቸውን መሣሪያዎች ነው። በተለይም መኪናውን በገዛ ጋራዡ የሚያስተካክል ሰው የትኛውን መምረጥ እንደሚገባው እንጠይቃለን። መልሱን ከታሪኩ ስንፈልገው ግን መሰላሉ እንደማያስኬደን እንረዳለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ቃላቱን እንወስን። ሁለቱ መንኰራኵሮች ከላይ ሲታዩ በፊታቸው በኩል መቀራረባቸው ወይም መራራቃቸው «ቶ» ይባላል። መንኰራኵሩ ከፊት ሲታይ አናቱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ «ካምበር» ነው። የፊት መንኰራኵር ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚዞርበት ምሰሶ ከጎን ሲታይ ማዘንበሉ ደግሞ «ካስተር» ይባላል። የእነዚህ ልክ ሲዛባ ጎማው ያለ ጊዜው ያልቃል፤ ከዚህም የባሰው፥ በታላቅ ፍጥነት ፍሬን ሲያዝ መኪናው ከመስመሩ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ምርጫው የገንዘብ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የነጂው ሕይወት ጉዳይ ነው።

የነገሩ መነሻ ከአውቶሞቢል ይቀድማል። በጥንቱ ሠረገላ መላው የፊት ዘንግ በአንድ ችንካር ላይ ይዞር ስለ ነበረ ሁለቱ መንኰራኵሮች ከአንድ አቅጣጫ አይለያዩም ነበር። የሙኒኩ ሠረገላ ሠሪ ጌኦርግ ላንከንስፐርገር ግን እያንዳንዱ መንኰራኵር በየራሱ ምሰሶ የሚዞርበትን ዘዴ አወጣ፤ ወኪሉ ሩዶልፍ አከርማንም በ1818 በእንግሊዝ አገር የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ዘዴው እስከ ዛሬ የሚጠራው በፈጣሪው ሳይሆን በአስመዝጋቢው ስም መሆኑ የሚያስገርም ነው። ከዚህ በኋላ ሁለቱን መንኰራኵሮች የሚያያይዘው ዘንግ በጥቂቱ ሲረዝም ወይም ሲያጥር አቅጣጫቸው ይለወጣልና፥ መለኪያ አስፈለገ።

ሆኖም መለኪያው ለረጅም ጊዜ ቀላል ነበር። ከ1922 እስከ 1939 የተሠራችው ትንሿ የእንግሊዝ መኪና ኦስቲን ሰቨን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። ከፊት ያላት ከግራ እስከ ቀኝ አንድ ወጥ የብረት ዘንግ ነው፤ እርሱም በአግድም ባሌስትራ የተያዘ ነው። በእንዲህ ያለ መኪና ካምበሩ በዘንጉ ቅርጽ፥ ካስተሩም በአተካከሉ የተወሰነ ስለሆነ፥ ዘንጉ ካልተጣመመ በቀር በየጊዜው የሚስተካከለው ቶው ብቻ ነው። ለዚህም ሁለት ጠቋሚ የተተከለበት አንድ ረጅም ዘንግ ይበቃል፤ በመንኰራኵሮቹ መካከል ያለውን ርቀት ከፊትና ከኋላ ለክቶ ልዩነቱን ማየት ነው። መካኒኩ ሌላ መነሻ መስመር አይፈልግም፤ ዘንጉ ራሱ መነሻ ነውና።

ይህን ሁኔታ የለወጠው እያንዳንዱ መንኰራኵር ለብቻው በሞላ ወይም በባሌስትራ መያዙ ነው። የላንቺያ ፋብሪካ ላምብዳ የተባለችውን መኪና በ1922 በዚህ ዓይነት የፊት አሠራር አቅርቦ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ግን ነገሩ ወደ ትንንሽ ጋራዦች ወረደ። ቻርልስ ኩፐርና ልጁ ጆን በ1946 ሁለት የፊያት ቶፖሊኖ የፊት ክፍሎችን ጀርባ ለጀርባ ገጥመው፥ የሞተርሳይክል ሞተርም ከነጂው ኋላ አስቀምጠው የውድድር መኪና ሠሩ። ኮሊን ቻፕማንም በ1948 ከአሮጌ ኦስቲን ሰቨን የመጀመሪያውን ሎተስ ሠራ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባወጣው ማርክ 6 ደግሞ የፎርድን ወጥ ዘንግ ከመካከሉ ቈርጦ ሁለቱን ወገኖች ለየብቻቸው እንዲወዛወዙ አደረገ። ይህችም መኪና ገዢው ራሱ እንዲገጣጥማት በክፍል በክፍሏ ትሸጥ ነበር። ሞተሩን ከኋላ ያስቀመጠው የኩፐር መንገድም ጃክ ብራባምን በ1959 እና በ1960 የዓለም ሻምፒዮን አድርጎታል።

በእኛ አስተያየት የታሪኩ መታጠፊያ እዚህ ላይ ነው። ዘንጉ ሲቈረጥ መነሻውም አብሮ ጠፋ። የኩፐር ዓይነት መኪና የኋላ መንኰራኵሮቹም ለየብቻቸው ስለሚወዛወዙ፥ አራቱም እንደየራሳቸው ሊሳሳቱ ይችላሉ። ባለ ሁለት ጠቋሚው ዘንግ በሁለቱ መንኰራኵሮች መካከል ያለውን ድምር ያሳያል እንጂ፥ ጥፋቱ የግራው ይሁን የቀኙ አይናገርም። ስለዚህ መካኒኩ የጠፋውን መስመር ራሱ መዘርጋት ነበረበት፤ መፍትሔውም ሲባጎ ሆነ። ከመኪናው ፊትና ኋላ እኩል ርዝመት ያላቸው ሁለት ዘንጎች ከሻንሲው ጋር ይታሰራሉ፤ በግራና በቀኝ ሁለት ክሮች ተወጥረው ጎን ለጎን ይሄዳሉ። በፊት ከግራና ከቀኝ መንኰራኵር እምብርት እስከ ክሩ ያለው ርቀት እኩል ሲሆን፥ በኋላም እንዲሁ ሲሆን፥ ክሮቹ ከመኪናው መካከለኛ መስመር ጋር ተስማሙ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ከክሩ እስከ ቸርኬው የፊትና የኋላ ጠርዝ በማስመሪያ ይለካል። በ15 ኢንች ቸርኬ፥ ማለት በ381 ሚሊሜትር ላይ፥ የ1 ሚሊሜትር ልዩነት 9 ደቂቃ ያህል አንግል ነው።

ለካምበር የሚያገለግሉትም ግንበኛ ግድግዳውን የሚያቀናባቸው ቱንቢና ውሃ ልክ ናቸው። በዚሁ ቸርኬ ላይ 1 ዲግሪ 6.6 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ ግማሽ ሚሊሜትር የሚያነብ ሰው በቱንቢ ብቻ ከ0.1 ዲግሪ ያነሰ ልዩነት ይለያል። ካስተርን ለማግኘት መንኰራኵሩን 20 ዲግሪ ወደ ውጭ፥ ከዚያም 20 ዲግሪ ወደ ውስጥ አዙሮ፥ የሁለቱን ካምበሮች ልዩነት በ1.5 ያህል ማባዛት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው እንመለስ። ቁጥር የሚያሳየው የኤሌክትሪክ አንግል መለኪያ ብዙውን ጊዜ 0.1 ዲግሪ ድረስ ያነባል፤ ከቱንቢው የሚበልጠው በፍጥነት እንጂ በርቀት አይደለም። በአንጻሩ፥ ግራና ቀኝ መንኰራኵሮቹ 1,200 ሚሊሜትር የተራራቁ መኪና፥ በአንድ ወገን 5 ሚሊሜትር ዝቅ ባለ ወለል ላይ ቢቆም 0.24 ዲግሪ ስሕተት ይገባበታል። ይህም መሣሪያው ከሚለየው ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። እንግዲህ ገንዘብ ያነሰው ሰው በመጀመሪያ ወለሉን በውሃ ልክ መርምሮ፥ ዝቅ ባለው ጎማ ሥር ሰሌዳ ያድርግ፤ ቀጥሎ ሲባጎውን፥ ቱንቢውንና ጥሩ ማስመሪያ ያዘጋጅ፤ መለኪያውን የመግዛት ተራ ከዚህ በኋላ ነው።

በውድድር ቀን ጊዜ ያጥራልና፥ ሁለት ጠፍጣፋ ብረቶችን ከጎማዎቹ ጋር አስጠግቶ በሁለት ሜትር መለካት ፈጣን ነው የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ብረቶቹም እንደ አሮጌው ዘንግ የሚሰጡት ድምሩን ብቻ ነውና፥ መቈጣጠሪያ እንጂ መነሻ ሊሆኑ አይችሉም። የጨረርና የካሜራ መሣሪያዎችም ቢሆኑ ሥራቸው ያንኑ የመኪናውን መካከለኛ መስመር መፈለግ ነው። በዛሬውም ጊዜ በውድድር ሜዳ ክር ወጥረው የሚለኩ ቡድኖች መኖራቸው ከኋላ ቀርነት የመጣ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ የምንደርስበት ፍርድ አጭር ነው። መለኪያውን የለወጠው የሰው ልጅ ለረቂቅ መሣሪያ ያለው ፍላጎት ብቻ ሳይሆን፥ የመነሻው መስመር መጥፋት ነው። የመሣሪያን ታሪክ የሚያጠና ተማሪ «ምን ያህል ያነባል?» ከማለቱ አስቀድሞ «ከምን ተነሥቶ ያነባል?» ብሎ ቢጠይቅ፥ መሰላል በሚመስለው ታሪክ ውስጥ የተሰወረውን ምክንያት ያገኛል። መሪውን የሚይዘውም ሰው ሕይወቱን አደራ የሚሰጠው ለዚሁ ጥያቄ መልስ ነው።