ግንባር ላይ የሚለጠፍ ብር

እስቲ ጠጋ በሉ፤ የጎንደርን የዘፈን ሒሳብ ከሥሩ ላውጋችሁ።

ጎንደር አጠገብ ቡርቧክስ የምትባል የአዝማሪ መንደር አለች። ልጁ የአባቱን ጣት እያየ መሰንቆ ይለምዳል፤ ሲጎለምስ ሠርግ ቤት ይገባል። እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይወረውርለታል፣ እሱ ያዜመዋል። ግጥሙ የማን ነው? ዜማውስ? ማንም አይከራከርም፤ ብሩ እዚያው ግንባሩ ላይ ይለጠፋላ። አዝማሪ ዱቤ አያውቅም። ባለጸጋው እጁን ካጠበቀ ደግሞ አዝማሪዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ይማከሩበታል፤ እሱ እቴ ምኑን ሰምቶ!

ይህን ሒሳብ ያፈረሰው ካሴት ነው። ባለ ሁለት ካሴት ቴፕ የገዛ ሁሉ አንዱን እያጫወተ በሌላው ይቀዳ ጀመር። ሲዲ መጣ፣ ፍላሽና ሚሞሪ ተከተለ። ጎንደር ፒያሳ ላይ ዘፈን የሚጫንበት ሱቅ ነበረ፤ ስሙ ይቅር። ከዳባት፣ ከደባርቅ የመጣ ገበያተኛ ጥቂት ብር ከፍሎ ሚሞሪውን ያስሞላና ወደ ደጋው ይወጣል። እዚያ ዛፒያ በተባለ መተግበሪያ ከስልክ ወደ ስልክ፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ለአገር ይዳረሳል። እኔም አስጭኛለሁ፤ ያውም የአዘዞውን ልጅ የድምፃዊ ማዲንጎ አፈወርቅን! ሱቁ ተከፈለ፣ ማዲንጎ ግን ከእኔ ሰባራ ሳንቲም አላገኘም።

ሕግ አልጠፋም። የ1996ቱ የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ሲወጣ ሆን ብሎ መብት የጣሰ ሰው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደንግጎ ነበር። ግን ገበያውን ሙሉ ማን ያስራል? ፈረንጆቹም ዘፈን በኢንተርኔት በነጻ የሚዳረስበትን ናፕስተርን እ.ኤ.አ. በ2001 በፍርድ ቤት ቢያዘጉት ሰዉ ወደ ሌላው ጎረፈ። ትንሽ ፋታ የተገኘው ዘፈን በነጠላ፣ በርካሽ መሸጥ ሲጀመር ነው።

እኛም ዘንድ ይህን የተረዳ ሰው ነበረን። ኤልያስ መልካ፣ የስንቱን ድምፃዊ አልበም ያቀናበረው ሰው፣ ከኃይሌ ሩትስና ከጆኒ ራጋ ጋር ሆኖ በ2011 አውታር የተባለውን የዘፈን መሸጫ መተግበሪያ አወጣ። ክፍያው ከስልክ ሒሳብ ይቆረጥ ነበር። እዩልኝ ብልሃቱን! የወገራ ገበሬ የባንክ ደብተር ባይኖረው ካርድ መሙላቱ አይቀርም። ምን ያደርጋል፣ ኤልያስ ዓመት ሳይሞላ በመስከረም 2012 አረፈ።

ዩቲዩብ በበኩሉ የተመዘገበን ዘፈን በድምፁ ለይቶ ያውቃል፤ ባለቤቱ ከፈለገ ያሳግደዋል፣ ከፈለገ የማስታወቂያውን ገንዘብ ይወስዳል። አልበም ያለው ተገላገለ እንበል። የቡርቧክሱ አዝማሪ ግን የት ተመዝግቦ? የሠርጉን ቪዲዮ የጫነው ጎረምሳ ነው ባለቤት የሚሆነው።

ባለፈው ጥር አንድ ሠርግ ላይ ይህንኑ አየሁ። አዝማሪው ገና መሰንቆውን ሲቃኝ አሥር ስልክ ተቀሰረበት። ቆም አለ፤ ደጋኑን ከፊት ለፊቱ ወደ ቆመው ልጅ ቀሰረና በዚያው ደጋን ግንባሩን መታ መታ አደረገ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ልጁ ስልኩን በግራው እንደያዘ በቀኙ ኪሱን መዳበስ ጀመረ።