የአፎቻው ላፕቶፕ

ታሪኩ የሐረሩ የኤረር በር ነው። ከበሩ ገባ ብሎ ባለው ሰፈር ስለሚኖሩ አንድ አዛውንትና ስለ ላፕቶፓቸው ነው የምነግራችሁ፤ ስማቸውን አልጠራም፣ እሳቸውም እንዲጠራ አይፈልጉም።

ኤረር በርን ለማያውቅ በአጭሩ ላስተዋውቅ። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሐረርን አሮጌ ከተማ፣ ጀጎልን፣ በግንብ ሲያጥሩ ከተዋቸው አምስት በሮች አንዱ፣ የምሥራቁ ነው። ሪቻርድ በርተን የሚባለው እንግሊዛዊ ከዘይላ ተነሥቶ በ1855 እ.ኤ.አ. የገባው በዚህ በኩል ነው ይባላል። ዛሬ ማለዳ ብትመጡ ግን በርተንን የሚያስታውስ የለም። ከኤረር በኩል የሚመጡት ሴቶች ሽንኩርቱንና ጎመኑን ዘርግተው፣ ለጫቱም ገና ጤዛው ሳይደርቅ ዋጋ ሲጠሩ ነው የምታገኟቸው።

የእኛ ሰው ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ የአፎቻ ጸሐፊም ናቸው። አፎቻ ሐረሪው ለሠርጉም ለለቅሶውም የሚተጋገዝበት ማኅበር ነው፤ እድር ብላችሁ ብታስቡት ብዙ አትርቁም። ማን መዋጮ ከፈለ፣ ማን ቀረበት፣ ለማን ቀብር ስንት ወጣ፣ ይህ ሁሉ ድሮ በወፍራም ደብተር ነበር የሚጻፈው። በ2009 ዓ.ም. ቶሮንቶ ያለችው ልጃቸው ያገለገለ ላፕቶፕ በሰው ሻንጣ ላከችላቸው። ደብተሩ ወደ ኤክሴል ተገለበጠ፣ መምህሩም በሰፈሩ ዘመናዊ ጸሐፊ ተባሉ። ዓመታት አለፉ። በአንድ ሌሊት ቀብር የሚያስተባብር አፎቻ፣ የገዛ መዝገቡ ሲያጣጥር ግን አልሰማም።

መጀመሪያ የደከመው ባትሪው ነበር። ይህ አያስደንቅም፤ የላፕቶፕ ባትሪ በአብዛኛው ከ300 እስከ 500 ጊዜ ያህል ሞልቶ ካለቀ በኋላ አቅሙ ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል፤ ከዚያ ወዲያ ቁልቁለት ነው። መምህሩ አልከፋቸውም፣ ቻርጀሩን ሰክተው መሥራት ለመዱ። ችግሩ መብራቱ ነው። መብራት ሲሄድ ማስጠንቀቂያ አይልክም፤ አምፖሉ ድርግም ሲል ላፕቶፗም አብራ ድርግም ትላለች። መዝገብ ተከፍቶ፣ ዲስኩ እየጻፈ ሳለ ኃይል መቋረጡ ፋይል ያበላሻል። የባትሪው ድካም እዚያው ባትሪው ላይ አልቀረም ማለት ነው። ይህን ያዙልኝ።

ቀጥሎ ጩኸቱ መጣ። የሐረሪ ቤት የገባ ሰው ነደባን ያውቃል፤ ከፍ ተደርጎ የተሠራው፣ ምንጣፍና ትራስ የለበሰው መደብ። መምህሩ ከሰዓት በኋላ እዚያ ላይ ጋደም ብለው፣ ጫታቸውን በጎን አድርገው፣ ላፕቶፗን ምንጣፉ ላይ አስቀምጠው ነበር የሚሠሩት። ለሰው የተመቸ ለላፕቶፕ የማይሆን ቦታ! አብዛኛው ላፕቶፕ አየር የሚስበው ከሥሩ ነው፤ ምንጣፍ ላይ ሲቀመጥ ይታፈናል፣ የሚስበውም ብናኝ ብቻ ይሆናል። ፋኑ ይጮሃል። ሙቀቱ ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጋ ደግሞ ፕሮሰሰሩ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። «ስሎው ሆነብኝ» ብለው ወደ ጠጋኝ ከሚሄዱት ብዙዎቹ ችግራቸው ይኸው ነው፤ በብሩሽና በአየር ተጠርጎ፣ የደረቀው የፕሮሰሰሩ ቅባት ተቀይሮ የሚድን። መምህሩ ይህን ገና አልሰሙም። ባለቤታቸው ግን «አቦ፣ ወይ እሷን አጥፋ ወይ እኔ ልውጣልህ!» እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከፈቷት፤ ዓመቱ 2015 ይላል። ጊዜው በእኛ 2017 ነበር። መምህሩ ሳቁ፦ «የሀበሻ አቆጣጠር ጀመረች፤ ግን እሱንም ሁለት ዓመት ወደ ኋላ ቀረች!» ሳቁ ብዙ አልቆየም። የባንኩ ገጽ አስተማማኝ አይደለም ብሎ አልከፈትም አለ። ድረ ገጽ ለኮምፒውተር የሚያሳየው የማንነት ማረጋገጫ የሚጸናበት ቀን አለው፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የቆመ ኮምፒውተር የዘንድሮውን ማረጋገጫ ገና ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ይቆጥረዋል። መዝገቡም ተዘበራረቀ። ቀኑን ራሷ እንድትሞላ አድርገዋት ስለነበር፣ ባለፈው ሳምንት የተቀበሩት ሰውዬ የለቅሶ ወጪያቸው ከአሥር ዓመት በፊት ተከፍሎ ተገኘ።

ያስደነግጣል አይደል? አያስደንግጣችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ሰዓቱን የምትጠብቅ ሲአር 2032 የምትባል ትንሽ ክብ ባትሪ አለች፤ ያለቀችው እሷ ናት። ሰዓቷ የዞረ ላፕቶፕ አለቀላት ማለት አይደለም፤ ከሁሉ ይልቅ ሰው የሚያስደነብረው ምልክት ከሁሉም በርካሽ የሚጠገነው ነው።

በእውነት የሚያስፈራው ግን ድምፅ አላሰማም። ታችፓዱ ከፍ ከፍ አለ፤ ሲጫኑት እምቢ አለ፤ ክዳኑም ግጥም አልል አለ። መምህሩ ምን አደረጉ? ያንን ወፍራሙን የድሮ ደብተር አውጥተው ማታ ማታ ክዳኑ ላይ ይጭኑባት ጀመር፣ ትስተካከል ብለው። ወገኖቼ፣ ይህ ያበጠ ባትሪ ነው! ውስጡ ያለው ኬሚካል ሲበላሽ ጋዝ ይፈጥራል፣ ጋዙ መውጫ ሲያጣ ማቀፊያውን ይነፋዋል። እሱን መጫን፣ መውጋት፣ ቻርጅ ማድረግ እሳት መጥራት ነው። ባለቤታቸው ጩኸቱን ሲጠሉ፣ ሁለቱም ከእሳት ጋር አንድ ክፍል ያድሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ቀጭ ቀጭ ማለቱ ጀመረ። ሰፈሩ ጸጥ ሲል ብቻ የሚሰማ፣ ቆም እያለ የሚመላለስ ድምፅ። መምህሩ ግድግዳው ላይ ያለች እንሽላሊት መሰለቻቸው። ላፕቶፗ ስትጠፋ ድምፁ አብሮ ሲጠፋ ነው ነገሩ የገባቸው።

በማግስቱ ወደ አንድ ሱቅ ወሰዷት። ልጁ ሳይከፍታት «ፎርማት ላድርግልህ» አለ። አገራችን ውስጥ ፎርማት የማይታዘዝበት የላፕቶፕ በሽታ የለም! ዲስኩ ጤነኛ ከሆነ ፎርማት ይጠቅም ይሆናል። ቀጭ ቀጭ የሚል ዲስክን ሳይገለብጡ ፎርማት ማድረግ ግን መዝገቡን አጥፍቶ፣ በሽታውን እዚያው ትቶ፣ ሒሳብ መቀበል ነው። ደግነቱ መምህሩ ዋጋው አልስማማቸው አለና ይዘዋት ወጡ። አንዳንዴ ስስትም ያድናል።

ሽቅብ ወደ ፈረስ መጋላ ወጡ። በመኪና ግርግር በኩል ሲያልፉ ልብስ ሰፊዎቹ በዚያ በእግር በሚረገጠው መኪናቸው ይሰፋሉ። ከነዚያ መኪኖች መካከል ከባለቤቱ በዕድሜ የሚበልጥ አይጠፋም፤ ዘይት ሲጎድለው ሰፊው ራሱ ዘይት ያጠጣዋል። የዛሬ ብዙ ላፕቶፕ ግን ባትሪው በማጣበቂያ ተለጥፎ፣ ወይም ራሙ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዶ ይመጣል። ዕድሜው የሚያጥረው በምንጣፍና በመብራት ብቻ አይደለም፤ እንዲጠገን ታስቦ ስለማይሠራም ነው። ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ የሚከራከረኝ ካለ እከራከራለሁ።

ከጀጎል ውጭ ባለች ጠባብ ሱቅ አንድ ወጣት ጠጋኝ ተቀበላቸው። ገና ክዳኑን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «አባ፣ በአላህ፣ ቻርጅ ላይ ነበረች?» አለ። (አዲስ አበቤ ይህን ሲሰማ ይደነግጣል፤ ሐረር ውስጥ ለአዛውንቱም አንተ ነው፣ ፍቅሩም ክብሩም እዚያው አንተ ውስጥ አለ።) ባትሪውን በጥንቃቄ አወጣና ከሱቁ ውጭ ሲሚንቶው ላይ ለብቻው አኖረው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀ፦ «መዝገቡ ሌላ ቦታ አለህ?»

«የለኝም።»

ልጁ ላፕቶፗን መልሶ አልከፈታትም። ዲስኩን ነቀለ፣ ከራሱ ኮምፒውተር ጋር አገናኘና መጀመሪያ የአፎቻውን ፋይል፣ ቀጥሎ የቤተሰቡን ፎቶ ገለበጠ። «ፊልሙስ?» ቢሉት «ፊልሙን ተወው፣ ከዲስኩ ጋር ይሂድ» አለ። ምክንያቱን ልንገራችሁ። እንዲህ ያለው ዲስክ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ የሚዞር ሰሌዳ አለ፤ የሚያነበው ጭንቅላት ሳይነካው ከላዩ ተንሳፍፎ ይሄዳል። ቀጭ ሲል ጭንቅላቱ የሚፈልገውን መሥመር አጥቶ ወደ መነሻው ተመለሰ ማለት ነው። እንዲህ የሆነ ዲስክ ስንት ሰዓት እንደቀረው ስለማይታወቅ ያለችው ሰዓት ለፊልም አትባክንም።

በ2007 እ.ኤ.አ. የጎግል መሐንዲሶች ከ100 ሺህ በላይ ዲስኮችን ተከታትለው አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ዲስኩ ሲፈተሽ የመጀመሪያው የንባብ ስህተት ከታየበት፣ በ60 ቀን ውስጥ የመበላሸት ዕድሉ ስህተት ካልታየበት ዲስክ 39 እጥፍ ይሆናል። የሚያስጨንቀው ሌላኛው ግኝት ነው፤ ከተበላሹት ዲስኮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከዋና ዋናዎቹ አራት የማስጠንቀቂያ ምልክቶች አንዱንም አላሳዩም። እንግዲህ ቀጭታውን የሰሙት መምህራችን ዕድለኛ ነበሩ፤ ምልክት ጠብቆ መገልበጥ የሚያዋጣው ለግማሹ እንኳ አይደለም።

ሐረር ቅጂ የማስቀመጥን ነገር ከማንም ቀድማ ማወቅ ነበረባት። ራስ ተፈሪ ቤት ውስጥ አቶ አብዱላሂ አሊ ሸሪፍ ባሰባሰቡት ሙዚየም ውስጥ ያሉትን የእጅ ጽሑፎች ያየ፣ ይህች ከተማ መጽሐፍ በመቅዳትና በመጠረዝ የኖረች መሆኗን ያውቃል። ቅጂ ሲያረጅ ሌላ ይቀዳል፣ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። የእኛ አፎቻ ግን ሙሉ መዝገቡን በአንድ ቅጂ ያውም በሚዞር ሰሌዳ ላይ አኑሮ ነበር።

አሁን የላፕቶፗ ፍርድ ቀረ። ጠጋኙ ሒሳቡን አስቀመጠው። ፋኑ ይጠረጋል። ትንሿ ባትሪ ትቀየራለች። በዲስኩ ምትክ የሚዞር ሰሌዳ የሌለው ኤስኤስዲ ይገባል፤ እንዲያውም አሮጌ ላፕቶፕን ከዚህ የበለጠ የሚያነቃቃ ለውጥ የለም። ዋናው ባትሪ ላይ ግን ልጁ ራሱን ነቀነቀ፦ «ገበያ ያለው ኮፒ ነው፣ ዓመት አይሞላልህም።» ማዘርቦርዱ ደህና ነበር። ማዘርቦርድ ሲሞት ታውቁታላችሁ፤ ላፕቶፗ ቀዝቅዛም፣ መብራት ላይ ተሰክታም በየቀኑ በተለያየ ስህተት ትጠፋለች፣ ቦርዱን ቢያሞቁትና ቢበይዱት ስህተቱ በሳምንቱ ይመለሳል። ልጁ ደንብ አለው፤ ጥገናው ተመሳሳይ ያገለገለ ላፕቶፕ ከሚያወጣው ግማሹን ካለፈ ደንበኛውን ይመልሰዋል።

ደንቡ ውጭ አገር ቀላል ነው። እኛ ዘንድ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ የላፕቶፑም ዋጋ አብሮት ወጣ። ግማሹ ራሱ ከፍ አለ፤ ትናንት «ጣላት» የምትባለው ዛሬ «አድናት» ተባለች። ሌላም ቀን ነበረ፦ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ የደህንነት ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ስምንተኛ ትውልድ በታች ያለውን በአብዛኛው አይቀበልም፤ የመምህሩ ስድስተኛ ነው። ይህ ላፕቶፗ የምትሠራውን ሥራ አላስቆመም፤ የባንክና የአፎቻ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ኮምፒውተር ግን ቀዳዳው የማይደፈንለት ሆኖ መቀመጥ የለበትም። የሚሠራ ዕቃ ለአንድ ሥራ አልቆ ለሌላው ሊቀር ይችላል።

ፍርዱም እንዲሁ ሆነ። ኤስኤስዲ ገባላት፣ በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ ተጫነባት፣ ያለ ባትሪ መብራት ላይ ብቻ የምትሠራ ሆና የልጅ ልጆቹ መተየቢያ ሆነች፤ ጠረጴዛ ላይ፣ ምንጣፍ ላይ አይደለም። አፎቻው ተሰብስቦ ለመዝገቡ ሌላ ያገለገለ ላፕቶፕ ለመግዛት ተስማማ። አንድ አዛውንት «ወደ ደብተራችን እንመለስ» ሲሉ ተሳቀባቸው። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ በመጨረሻም ወር በገባ ቁጥር መዝገቡ በወረቀት እንዲታተም፣ አንድ ፍላሽም ገንዘብ ያዡ ቤት እንዲቀመጥ ተወሰነ።

ያበጠው ባትሪ ነገር ቀረ። በዓለም ላይ በ2022 እ.ኤ.አ. ብቻ 62 ሚሊዮን ቶን የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ወጥቷል፤ በአግባቡ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው 22.3 በመቶው ነው። አገራችንም የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድ ደንብ አላት፤ ሰፈር ድረስ የወረደ መሰብሰቢያ ግን እኔ አላየሁም። ስለዚህ ያበጠ ባትሪን ከቆሻሻ ጋር አትጣሉ፣ ቆሻሻው ሲቃጠል አብሮ ይፈነዳል። በደረቅ አሸዋ በተሞላ ቆርቆሮ አድርጋችሁ ከቤት አርቃችሁ አቆዩት፣ ጠጋኛችሁንም ወዴት እንደሚሰጥ ጠይቁት።

እናንተም ቤት ክዳኑ ግጥም የማይል ላፕቶፕ ካለ ዛሬውኑ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ አጥፉት፣ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት። ጠጋኙ ፎርማት ከማለቱ በፊት ደግሞ ፋይላችሁን እንዲገለብጥላችሁ ንገሩት።