መርሐ ግብር የሚያወጣው መንገድ ነው

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ! ከእናንተ አንዱ በውስጥ መስመር «ቲቸር፣ ጋምቤላ ይህን ሁሉ ባለ ቁመት ልጅ ይዛ፣ ትልቅ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ለማየት ለምን ሌላ አገር እንሄዳለን?» ብሎ ጠየቀኝ። ቁመት ቁመት ሲባል ሁሌም ይገርመኛል። ነገሩ እኮ የቁመት ሳይሆን የመንገድ ነው። የታሪክ አስተማሪ ነበርኩና መልሱን ከታሪክ ልጀምረው።

ጋምቤላ በመርሐ ግብር መኖር የጀመረችው ኳስ ሳይመጣ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈራረሙት ውል፣ ባሮ ዳር ከ400 ሔክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ የካርቱም መርከብ ባሮ በሚሞላባቸው ወራት፣ ከሰኔ እስከ ጥቅምት ገደማ ይመጣል፤ ከኢሉባቦርና ከወለጋ የወረደውን ቡና ጭኖ ይመለሳል። ውኃው ሲጎድል በቃ፣ እስከ ከርሞ ነው። ቀኑን የሚቆርጠው ካርቱም የተቀመጠው ሹም ሳይሆን ወንዙ ነበር። ሱዳን በ1948 ዓ.ም. ነፃ ከወጣች በኋላ ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። የመርከቡ ዘመን ሲያልፍ ዋናው በራችን በጎሬና በመቱ የሚወጣው የደጋ መንገድ ሆነ፤ እስከ አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ።

የስፖርት ሊግም እንደዚሁ ነው። መንገድ የደረሰበት ድረስ ነው የሚሄደው። ኤን.ቢ.ኤን ውሰዱ። ዛሬ 30 ቡድኖች አሉት፤ እያንዳንዱ 82 ጨዋታ ያደርጋል፣ 41 በሜዳው፣ 41 ከሜዳው ውጭ። ይህን የመሰለውን ድልድል ለብዙ ዓመታት በእጁ እየጻፈ ያወጣ የነበረው ኤዲ ጎትሊብ የሚባል አንድ ሰው ነበር። በባቡር ዘመን ግን ሊጉ ካሊፎርኒያ አልደረሰም። ሌከርስ ከሚኒያፖሊስ ወደ ሎስ አንጀለስ የተዛወረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ነው። ያውም የዚያው ዓመት ጥር ላይ አውሮፕላናቸው በበረዶ ውሽንፍር ተቸግሮ አይዋ ውስጥ የበቆሎ ማሳ ላይ አርፏል። ደግነቱ የሞተ ሰው የለም።

አፍሪካ ውስጥ ደግሞ ከአገር አገር መብረር ውድም አድካሚም ነው። ስለዚህ የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሊግ በ2021 ኪጋሊ ላይ ሲጀመር 12ቱም ቡድኖች አንድ ከተማ ተሰብስበው ተጫወቱ፤ ወረርሽኙም ነበረ። በ2022 ምድቦቹ ለዳካርና ለካይሮ ተከፈሉ፣ ማጠቃለያው ኪጋሊ ሆነ። የጁባው ኮብራ ስፖርት ጨዋታዎቹን ያደረገው ካይሮ ነው። የእኛው የእግር ኳስ ፕሪሚየር ሊግም ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ መካሄድ የጀመረው በዚሁ መንገድ ነው።

ወጪ ይቀንሳል፣ እውነት ነው። ግን ሜዳና ሆቴል ያለው ከተማ ሁሌ አስተናጋጅ፣ የሌለው ሁሌ እንግዳ ይሆናል። ጎረቤታችንን ደቡብ ሱዳንን እዩ። ለ2023 የዓለም ዋንጫ ያለፈችው አንድም የማጣሪያ ጨዋታ ጁባ ላይ ሳታደርግ ነው። በ2024 ፓሪስ ኦሊምፒክ ፖርቶ ሪኮን 90 ለ 79 ስታሸንፍም ሕዝቧ በቴሌቪዥን ነው ያየው። በዚያ ቡድን ውስጥ ኑኒ ኦሞት ነበረ፤ ኬንያ ውስጥ በስደት ተወልዶ ሚኒሶታ ያደገ፣ በ2023 ከአል አህሊ ጋር የአፍሪካን ሊግ ዋንጫ አንስቶ የውድድሩ ኮከብ የተባለ። እኔ ክፍል ውስጥ «ኦሞት!» ብዬ ስጠራ ሁለት ሦስት ልጅ ባንድ ላይ «አቤት!» ይል ነበር። ስሙ የቤታችን ነው፤ ጨዋታው ግን ቤታችን አልመጣም።

ታዲያ ተስፋ የለም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም በተቃራኒው ነው። በደርሶ መልስ ሥርዓት ቢሆን፣ እያንዳንዱ ቡድን ለአንድ ጨዋታ ብቻ ያን ሁሉ መንገድ መውረድ አለበት፤ ማን ይስማማል? በአንድ ከተማ ተሰብስቦ መጫወት ከሆነ ግን ሁሉም አንዴ መጥቶ፣ ሳምንት ተቀምጦ፣ አምስት ስድስት ጨዋታ አድርጎ ይመለሳል። ሩቅ ላለ ከተማ የሚመቸው ይኼኛው ነው። የሚያስፈልገው ጣሪያ ያለው ሜዳ፣ መብራት፣ በቂ አልጋ፣ እና ተራውን የሚሰጠን ሰው ነው። ሙቀቱን ለሚፈራ ደግሞ ጨዋታው በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ይሁንለት።

ባሮ መርከብ የሚያመጣው በዓመት ጥቂት ወራት ብቻ ነበር፤ ከተማዋም የተቆረቆረችው በእነዚያ ወራት ነው። ለኳስም አንድ ሳምንት ይበቃናል። እስቲ እዚያ ያላችሁ ልጆች ንገሩኝ፦ ዛሬ የትኛው ሜዳ ላይ ነው የምትጫወቱት? ቀለበቱስ መረብ አለው?