አብርሃም ስለ ሰዶም የለመነበት መስኮት

አውሮፓውያን በጦርነት ያለቁ ልጆቻቸውን ለማስታወስ የቤተ ክርስቲያን መስኮት በባለቀለም መስተዋት ማሠራት የቆየ ልማዳቸው ነው። በተለይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ፣ በእንግሊዝ አጥቢያዎች ቅዱስ ጊዮርጊስ ዘንዶውን ሲወጋ የሚታይባቸው፣ ከሥራቸውም የሟቾች ስም የተዘረዘረባቸው መስኮቶች ብዙ ናቸው። ሟቹ ወገን ነው፤ ዘንዶውም ጠላት። ዘንዶው የገዛ አገር የሆነ እንደሆነስ ምን ይሣላል?

ይህ ጥያቄ በጀርመን አገር፣ በራይን ወንዝ ዳር ባለችው በማይንትስ ከተማ፣ የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤተ ክርስቲያን ገጥሞታል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ990 የተመሠረተው ይህ ደብር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከአየር በወረደበት ቦምብ ክፉኛ ፈርሶ ነበር። ከተጠገነ በኋላ፣ በ1973፣ አለቃው ቄስ ክላውስ ማየር ፈረንሳይ ለሚኖሩት ሠዓሊ ለማርክ ሻጋል ደብዳቤ ጻፉ፤ ለመስኮቶቻችን ብርሃን ይሥሩልን ሲሉ። ሻጋል በቪቴብስክ የተወለዱ አይሁዳዊ ናቸው፤ በ1941 ከናዚዎች ሸሽተው አሜሪካ የተሰደዱ። የልመናውን ድፍረት አንባቢ ይመዝነው።

እሺታው ቶሎ አልተገኘም። የመጀመሪያው መስኮት በቦታው የቆመው በ1978 ነው፤ ሻጋል ያኔ 91 ዓመታቸው ነበር። በመካከለኛው መስኮት ላይ አብርሃም ሦስቱን እንግዶች ሲያስተናግድ ይታያል። እነዚህ እንግዶች ለእኛ ባዕድ አይደሉም፤ የሥላሴን ነገር ስንማር የአብርሃምን ድንኳን ሳንሰማ ያደግን ጥቂቶች ነን። በዚያው መስኮት ላይ ግን ሌላም ሥዕል አለ፤ አብርሃም ስለ ሰዶም ሲማልድ። ኃምሳ ጻድቃን ቢገኙ፣ አርባ አምስት ቢገኙ፣ እያለ እስከ ዐሥር የወረደበት ያ ክርክር ነው። እሳት በወረደባት የጀርመን ከተማ፣ ከእሳቱ በፊት ወገኖቹ የታረዱበት አይሁዳዊ ይህን ሣለ። በእኔ ግምት ሻጋል ለማይንትስ ሰዎች «ተበድላችኋል» አላሏቸውም፤ «የእጃችሁን አገኛችሁ»ም አላሏቸውም። ለኃጢአተኛ ከተማ የሚከራከር አንድ ሽማግሌ ብቻ አቆሙላቸው።

ሥራው የተሠራው በፈረንሳይ፣ በሬምስ ከተማ፣ በባለሙያው በሻርል ማርክ እጅ ነው። ጥንት ቀለም በተለወጠ ቁጥር መስተዋቱ ተቆርጦ በእርሳስ ይጋጠም ነበር፤ ሻርል ማርክ ግን ቀደም ሲል ለሻጋል የኢየሩሳሌም መስኮቶች ባወጣው ዘዴ በአንድ ገበታ ላይ ከአንድ በላይ ቀለም እንዲያርፍ አድርጓል። ሰማያዊው ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ሐምራዊ ሲሻገር የሚከለክለው የእርሳስ አጥር የለም። የአፍሪካ አዳራሽን የአፈወርቅ ተክሌ መስኮት ያየ ሰው መስተዋት ብርሃንን ምን ማድረግ እንደሚችል ያውቃል፤ በማይንትስ ግን ሰውየው ውኃ ውስጥ የገባ ይመስለዋል።

ሻጋል ዘጠኝ መስኮቶችን ሠርተው፣ ማይንትስን አንድ ቀን ሳይረግጡ፣ በ1985 በ97 ዓመታቸው አረፉ። የቀሩትን መስኮቶች ሻርል ማርክ እስከ 2000 ድረስ ሠርቶ ጨረሳቸው። በእነዚህ ላይ አብርሃምም ሆነ መላእክት የሉም፤ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ብቻ ነው።