የምድር ዘብነት

ሳይንቲስቶች «ፕላኔተሪ ዲፌንስ» የሚሉት ሥራ አለ። አስትሮይድ የሚባሉትን የጠፈር ቋጥኞች ከሩቅ መለየት፣ መንገዳቸውን ማስላት፣ ወደ ምድር የሚያመራ ከተገኘም ሕዝብን ማስጠንቀቅና ቢቻል ቋጥኙን ከመንገዱ ማሳት ነው። በአማርኛ ምን እንበለው?

«ፕላኔታዊ መከላከያ» ማለት ይቀናል። ነገር ግን «መከላከያ» ሲባል ቀድሞ ዓይናችን ላይ የሚመጣው ሠራዊቱ ነው። «የምድር ጥበቃ» ብንል ደግሞ አንባቢ እርከንና ችግኝ ያስባል። እኔ የምመርጠው «የምድር ዘብነት» የሚለውን ነው። የዘብ ዋና ሥራው መተኮስ ሳይሆን ሌላው ሲተኛ ነቅቶ ማየት ነውና። ማሽላ ሲደርስ ማማ ላይ የሚወጣውን ልጅ አስቡት፤ ወንጭፍ ይዟል፣ ግን ወፉ እህሉ ላይ ካረፈ በኋላ ቢወነጭፍ ማሽላውን ራሱን ያረግፈዋል። መንጋውን ገና ከሩቅ ማየት አለበት።

ማየቱ እንደሚቻል ጎረቤታችን ሱዳን ምስክር ናት። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 6 ቀን 2008 አሪዞና ውስጥ ያለ ቴሌስኮፕ አራት ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቋጥኝ አየ። ስሌቱ ኑቢያ በረሃ ላይ እንደሚወድቅ አመለከተ፤ በማግስቱ እዚያው ሰማይ ላይ ፈነዳ። ከምድር ጋር ከመጋጨቱ በፊት ጠፈር ላይ እያለ የታየ ቋጥኝ ሲገኝ በታሪክ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን በረሃው ላይ ጎን ለጎን ተሰልፈው እየተራመዱ ስብርባሪዎቹን ከአሸዋው ለቀሙ። ስብርባሪዎቹም በአካባቢው የባቡር ጣቢያ ስም «አልመሐታ ሲታ» ተባሉ፤ «ጣቢያ ስድስት» ማለት ነው።

ወንጭፉ የተሞከረው በ2022 ነው። ናሳ ዳርት የተባለችውን ግማሽ ቶን ገደማ የምትመዝን መንኮራኩር ዲሞርፎስ ከተባለ ቋጥኝ ጋር ሆን ብሎ አጋጫት። በአዲስ አበባ ሰዓት ሴፕቴምበር 27 ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ነበር። ካሜራዋ እስከ መጨረሻው ፎቶ ትልክ ነበር፦ መጀመሪያ ነጥብ፣ ቀጥሎ ኮረት የለበሰ ድፍን አካል፣ ከዚያ ድንጋዮች ብቻ፤ የመጨረሻው ፎቶ ግማሽ ላይ ተቆረጠ። ዲሞርፎስ ትልቁን ጓደኛውን ዲዲሞስን ለመዞር 11 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ይወስድበት ነበር፤ ከግጭቱ በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል አጠረ። የፍጥነቱ ለውጥ በሴኮንድ ሚሊ ሜትሮች ብቻ ነው። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በሴኮንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ የተገፋ ነገር በ10 ዓመት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ቀድሞ ማየት የሁሉ ነገር ቁልፍ የሆነው በዚህ ነው።

ቃሉ በአማርኛ ያስፈልገናል ስል ለመዝገበ ቃላት ውበት ብዬ አይደለም። በ2024 መጨረሻ ቺሊ ካለ ቴሌስኮፕ የታየው 2024 ዋይአር4 የተባለ ቋጥኝ በዲሴምበር 2032 ምድርን የመምታት ዕድሉ በፌብሩዋሪ 2025 እስከ 3 በመቶ ደርሶ ነበር። ሊወድቅበት ይችላል የተባለው ጠባብ መስመር ከፓስፊክ ተነስቶ አፍሪካን አቋርጦ እስከ ደቡብ እስያ ይዘልቃል፤ በመስመሩ ላይ ከተጠቀሱት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። በተጨማሪ ምልከታ ስጋቱ በቀናት ውስጥ ተወገደ። ባይወገድ ኖሮ ግን ማስጠንቀቂያው ለገበሬው መድረስ የነበረበት በሚያውቀው ቋንቋ ነበር።

ማስጠንቀቂያ ሳይደርስ ሲቀር የሚሆነውም ታይቷል። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 2013 ሩሲያ ውስጥ ቼልያቢንስክ ሰማይ ላይ 20 ሜትር ገደማ የሆነ ቋጥኝ ፈነዳ። በፀሐይ አቅጣጫ ስለመጣ ቀድሞ ማንም አላየውም። ሰዎች ብልጭታውን ለማየት ወደ መስኮት ሮጡ፤ የፍንዳታው ማዕበል ዘግይቶ ሲደርስ መስታወቱ ፊታቸው ላይ ተሰባበረ። ወደ 1,500 ሰው ተጎዳ፣ አብዛኛው በመስታወት ስብርባሪ። የዚያን ዕለት ጠዋት ዘብ ቢኖር የሚናገረው ሁለት ቃል ነበር፦ «ከመስኮት ራቁ»።